ክኒን በሆድ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ

መድኃኒት የሚገዛ ሰው ዋጋውን ይጠይቃል፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድም ይጠይቃል። ክኒኑ ከምላሱ ተነሥቶ እስከ ደሙ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ነጋዴ ዕቃውን ከወደብ ወደ ደጋ ሲልክ መንገዱ ጥርጊያ መሆኑን፣ ኬላው የሚከፈትበትን ሰዓት፣ ዝናብ ቢመጣም ጭነቱ በምን እንደሚሸፈን አስቀድሞ ያውቃል። ለገዛ ሆዱ የሚልከውን ዕቃ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይልካል። ይህ ቸልታ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ሐኪሙ በሽታውን በትክክል ዐውቆ፣ መድኃኒቱም ደኅና ሆኖ፣ ገንዘቡም ተከፍሎ ሳለ በሽተኛው ሳይድን የሚቀርበት ጊዜ አለና።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከካርቱም ከተማ በስተ ደቡብ ያለው አል-ሳሃፋ የተባለው ሰፈር ነው። ስሙ በዐረብኛ የጋዜጣ ሥራ ማለት ነው። በ2023 ኤፕሪል 15 ቀን ጦርነቱ እስኪነሣ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚህ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩ ነበር፤ ሻይና ቡና የሚሸጡ፣ በሰው ቤት የሚያገለግሉ፣ በምግብ ቤት የሚሠሩ፣ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ቀን የሚጠብቁም ነበሩባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ታሞ ወደ መድኃኒት ቤት ቢገባ የሚሰጠው ሣጥን የተጻፈው በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ከሣጥኑ ላይ የሚረዳው ቍጥሩን ብቻ ይሆናል።

ቍጥሩም ራሱ ያሳስታል። ባለመድኃኒቱ በሣጥኑ ላይ 7 ብሎ ቢጽፍ፣ ጠዋት ከቍርስ በፊት በባዶ ሆድ ይወሰድ ማለቱ ነው። ሰዓቱን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ለሚቈጥረው ኢትዮጵያዊ ግን ሰባት ሰዓት ምሳ የሚበላበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ስድስት ሰዓት ያህል መዘግየቱ ብዙ ጊዜ የሚጎዳ አይደለም፤ የሚጎዳው ባዶ ሊሆን ይገባው የነበረው ጨጓራ በእንጀራና በወጥ ሞልቶ መገኘቱ ነው። ይህ ለምን ጉዳት እንደሚሆን ወደ ፊት ይታያል።

ካርቱም ከክኒን ታሪክ ጋር የቆየ ዝምድና አላት። በ1843 ዊልያም ብሮክደን የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ለእርሳስ የሚሆን ጥሩ ግራፋይት ባጣ ጊዜ፣ ዱቄቱን በብረት ቅርጽ መካከል ጨምቆ የሚያጠነክር መሣሪያ አወጣ። ያው መሣሪያ የመድኃኒት ዱቄትንም ጨምቆ ክኒን ለማድረግ ዋለ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካ ተወልዶ በለንደን የሚነግደው ሄንሪ ዌልካም «ታብሎይድ» የሚለውን ቃል በ1884 የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ፤ እንደ ስታንሌይ ያሉ የአፍሪካ ተጓዦች ይዘውት የሚሄዱት የመድኃኒት ሣጥን የእርሱ ድርጅት ሥራ ነበር። ይኸው ባለጠጋ ወደ ሱዳን መጥቶ አገሩን ካየ በኋላ፣ በካርቱም የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ ለሚቋቋም የምርምር ቤት መሣሪያውን በስጦታ አበረከተ። ላቦራቶሪው በ1903 በዶክቶር አንድሩ ባልፎር መሪነት ሥራውን ጀመረ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም በናይል ወንዝ ላይ በመርከብ የሚንቀሳቀስ ክፍል ተጨመረለት። «ታብሎይድ» የሚለው ቃል ኋላ ከክኒን ሣጥን ወጥቶ ቅርጹ አነስ ያለ ጋዜጣ መጠሪያ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የእኛም «ክኒን» የሚለው ቃል በተራው ከአንድ መድኃኒት ስም፣ ኢጣልያኖች ኪኒኖ ከሚሉት የወባ መድኃኒት የተወሰደ ሲሆን፣ ዛሬ ለማናቸውም የተጨመቀ መድኃኒት ሁሉ ይነገራል።

ካርቱም ክኒን የሚሠራባትም ከተማ ሆና ነበር። ከናይል ማዶ በሰሜን ካርቱም የቆመው አል-ሺፋ የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ለሰውና ለከብት የሚሆን መድኃኒት ያዘጋጅ ነበር፤ በ1998 ኦገስት 20 ቀን በአሜሪካ ሚሳይሎች ተመትቶ ፈረሰ። የዚያ ነገር ፖለቲካ ለዚህ ጽሑፍ አይመለከተውም። መድኃኒት ከሩቅ አገር በሚመጣበት ከተማ እያንዳንዱ ክኒን ውድ መሆኑን ግን ነጋዴዎች ያውቁታል፤ ውድ ዕቃ ደግሞ በመንገድ ሊጠፋ አይገባውም።

መንገዱ ከአፍ ይጀምራል፤ ከአፍ እስከ ጨጓራ ያለው ቧንቧ ርዝመቱ ሃያ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ነው። ምግብ በዚህ ቧንቧ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻው ከላይ ወደ ታች እየጨመቀ ይገፋዋል። ደረቅ ክኒን ያለ ውሃ ሲዋጥ ግን ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ በተለይ ከጄላቲን የተሠራው እንክብል እርጥበት ሲነካው እንደ ሙጫ ይሆናል። በ1982 የታተመ አንድ የዴንማርክ ሐኪሞች ምርመራ ልዩ ልዩ ክኒኖችን ጤነኛ ሰዎች ሲውጡ በራጅ እየተከታተለ፣ ክኒን ቢያንስ ከ100 ሚሊሊትር ውሃ ጋር እንዲዋጥና የዋጠውም ሰው ቢያንስ 90 ሰኮንድ ቆሞ እንዲቆይ መክሮአል። ይህም አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃና ጥቂት መታገሥ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ማታ መኝታው ላይ ሆኖ፣ በምራቁ ወይም በአንድ ጕንጭ ውሃ ውጦ ወዲያው ይጋደማል። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት እንዲህ አድርጎ የወሰደ ሰው በማግሥቱ ደረቱን እንደ እሳት ሲያቃጥለውና ምግብ መዋጥ ሲያቅተው፣ በሽታው የባሰበት ይመስለዋል። እንክብሉ በቧንቧው ላይ ተጣብቆ አቍስሎታል እንጂ በሽታው አልባሰም።

ከቧንቧው በኋላ ጨጓራ ይገኛል። ስለ ጨጓራ ሥራ ዛሬ የሚታወቀው ነገር የተጀመረው በአንድ የንግድ መደብር ውስጥ በደረሰ አደጋ ነው። በ1822 ጁን 6 ቀን በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት፣ የእንስሳት ቆዳ በሚሸጥበት መደብር አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ጥይት ስቶ መታው። ዊልያም ቦሞንት የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም ሕይወቱን አዳነው፤ ቍስሉ ግን ሳይገጥም ቀርቶ ከጎኑ እስከ ጨጓራው የሚያሳይ ቀዳዳ ተወለት። ሐኪሙም በዚያ ቀዳዳ ሥጋና ዳቦ በክር አስሮ እያስገባና እያወጣ፣ ጨጓራ ምግብን በአሲድ እንደሚያቀልጥ በዓይኑ አየ፤ በ1833ም መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በሽተኛው ይህን ሁሉ የታገሠው በፈቃዱ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ድኻ ነበርና። ከዚያ በኋላ ሮንትገን በ1895 ራጅን ባገኘ በማግሥቱ፣ ዋልተር ካነን የተባለ የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ለድመቶች ቢስሙት የተቀላቀለበት ምግብ እያበላ የጨጓራቸውን እንቅስቃሴ በራጅ ተከታተለ። ድመቷ ስትቈጣ ወይም ስትፈራ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ ብሎ እንደሚቆምም ተመለከተ። በጦርነት ከተማ ውስጥ ክኒን የሚውጥ ሰው ጨጓራ በሰላም ቀን እንደሚሠራው ይሠራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም ማለት ነው።

ጨጓራ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው፤ ሲጠግብ አንድ፣ ሲራብ ሌላ። በባዶነቱ ጊዜ በአንድ ሰዓት ተኩልና በሁለት ሰዓት ልዩነት ብርቱ ማዕበል እየተነሣ በውስጡ የቀረውን ትርፍራፊ ሁሉ ጠርጎ ወደ አንጀት ያወጣል። ሲጠግብ ይህ ጠራጊ ማዕበል ይቆማል፤ ጨጓራውም በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል እየተጨማተረ ምግቡን ይፈጫል። ወደ አንጀት በሚወስደው በር ላይ ያለው ጡንቻ ፓይሎረስ ይባላል፤ ትርጓሜው በግሪክኛ በር ጠባቂ ነው። ይህ በር ጠባቂ በጥጋብ ጊዜ ጥብቅ ነው፤ ፈሳሽና ከሁለት ሚሊሜትር ያልበለጠ ደቃቅ ነገር ያሳልፋል፤ ያልፈረሰ ትልቅ ክኒን ግን ምግቡ ተፈጭቶ እስኪያልቅና ጠራጊው ማዕበል እስኪመለስ ድረስ ይያዛል። ስለዚህ በባዶ ሆድ የተዋጠ ክኒን በደቂቃዎች ውስጥ ወይም ቢዘገይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሲያልፍ፣ ከከባድ ምሳ በኋላ የተዋጠው ያው ክኒን ሦስትና አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በላይ በላዩ የሚበላ ሰው ከሆነ ደግሞ በሩ ቀኑን ሙሉ ላይከፈት ይችላል።

ይህ ለተራ ክኒን ብዙ ጉዳት የለውም፤ በጨጓራ ውስጥ ፈርሶ እንደ ምግብ ያልፋልና። ልዩ ልባስ ለለበሰው ክኒን ግን ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ መድኃኒት የጨጓራ አሲድ ያጠፋዋል፤ ሌላው ደግሞ፣ እንደ አስፒሪን ያለው፣ እርሱ ራሱ ጨጓራን ያቈስላል። ስለዚህ በጨጓራ የማይፈርስ፣ አሲድ ወደሌለበት አንጀት ሲደርስ ብቻ የሚሟሟ ልባስ ይደረግለታል። ዌልካም ታብሎይድን ባስመዘገበበት በዚያው በ1884 ኡና የተባለ የሃምቡርግ ሐኪም ከቀንድና ከጥፍር ዓይነት በሚገኝ ኬራቲን ክኒንን መሸፈን ጀመረ። የዛሬው ልባስ ከሌላ ነገር ቢሠራም ሐሳቡ ያው ነው። እንግዲህ ይህን ክኒን ለመዋጥ አስቸገረኝ ብሎ በሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው፣ ከዝናብ እንዲከላከል የተሸፈነውን ጭነት ሸራውን ገፎ በዝናብ እንደሚልክ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊብራራ የሚገባው ግን የወባ መድኃኒት ነገር ነው። በየዓመቱ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከኢትዮጵያ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚሻገር ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ቆላውም የወባ አገር ነው። አርቴሜተርና ሉመፋንትሪን የተባሉት መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ተጣምረው፣ ላልጠናው የፋልሲፓረም ወባ ቀዳሚ መድኃኒት እንዲሆኑ በኢትዮጵያ በ2004፣ በሱዳንም በ2017 ተወስኖአል። በአንዱ ክኒን ውስጥ 20 ሚሊግራም አርቴሜተርና 120 ሚሊግራም ሉመፋንትሪን አለ። አካለ መጠን የደረሰ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ክኒን፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ በጠቅላላው 24 ክኒን ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ይሆንና የቀሩት ጠዋትና ማታ ናቸው።

ሉመፋንትሪን ውሃ የሚሸሽ፣ ስብ የሚወድ መድኃኒት ነው። በባዶ ሆድ ከውሃ ጋር ብቻ ሲዋጥ ክኒኑ ይፈርሳል፤ ዱቄቱ ግን ሳይሟሟ አንጀቱን አልፎ ይወጣል። ስብ ያለበት ምግብ ሲበላ ሐሞት ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ ሐሞቱ ስቡን ሲያደቅቅ መድኃኒቱም አብሮ ይሟሟና ወደ ደም ይገባል። በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ስብ ከበዛበት ምግብ ጋር የተወሰደው ሉመፋንትሪን በባዶ ሆድ ከተወሰደው 16 እጥፍ ያህል ወደ ደም ገብቶአል፤ አርቴሜተሩም 2 እጥፍ ያህል። ዐሥራ ስድስት ኩንታል ጭኖ አንድ ኩንታል ብቻ የሚደርስለት ነጋዴ ቢኖር ሁለተኛ በዚያ መንገድ አይልክም።

በወባ የታመመ ሰው ግን ምግብ ያስጠላዋል፤ ጾመኛ ከሆነም ወተትና ቅቤ አይነካም። ደግነቱ የሚያስፈልገው ስብ ጥቂት ነው። በ2007 የታተመ ምርመራ 1.2 ግራም ስብ ብቻ ያለው 36 ሚሊሊትር የአኩሪ አተር ወተት፣ መድኃኒቱ ሊደርስ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ዘጠና በመቶ ያህሉን ወደ ደም ለማስገባት እንደሚበቃ ገምቶአል። አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ከዚህ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ስብ አለው፤ ለውዝም፣ ሱዳኖች ጠሒና የሚሉት የሰሊጥ ልቍጥም እንዲሁ። በገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭድ የሰነበተ ሠራተኛ ክኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ውጦ፣ ከሳምንታት በኋላ ትኵሳቱ ተመልሶ ሲጥለው፣ ለመዳን የጐደለው ነገር በጆንያ ተሞልቶ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ወባው በተመለሰ ጊዜም ወቀሳው የሚያርፈው በመድኃኒት ሻጩ ላይ ነው፤ አስመስሎ የተሠራ ክኒን ሸጠልኝ ይባላል። እውነትም አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት በገበያ ይገኛል፤ ነገር ግን ሻጩን ከመክሰስ በፊት በሽተኛው ምን በልቶ እንደ ዋጠ መጠየቅ ይገባል። ክኒኑን በዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰውም ያ መጠን እንደገና መወሰድ ስላለበት፣ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ባለመድኃኒቱ መመለስ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የአባቶቻችን የኮሶ ሥርዓት ዕውቀት የሌለበት አልነበረም። ኮሶ የሚጠጣው በማለዳ በባዶ ሆድ ነው፤ የደረቀው አበባ ተፈጭቶ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ይጠጣል። መድኃኒቱ ወደ ደም እንዲገባ አይፈለግም፤ ጠላቱ ያለው በመንገዱ ላይ፣ በአንጀት ውስጥ ነውና፣ ምግብ ሳይጋርደው ሊያገኘው ይገባል። መጠኑ ሲበዛና ወደ ደም ሲገባ እስከ ዓይን ብርሃን ድረስ የሚጎዳ መሆኑ ይህንኑ ያስረዳል። ከኮሶ በኋላ ለዚያው ትል የመጣው ኒክሎሳሚድ የተባለው ክኒን በደንብ ታኝኮ እንዲዋጥ የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ አንዱ ክኒን ከቅባት ጋር፣ ሌላው በባዶ ሆድ፣ አንዱ ታኝኮ፣ ሌላው ጨርሶ ሳይነካ መዋጡ የሐኪሞች ዐመል አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚወርድበት ጣቢያ ልዩ ስለሆነ ነው።

በር ጠባቂውን ካለፈ በኋላ ክኒኑ ወደ ቀጭኑ አንጀት ይገባል። ይህ አንጀት ስድስት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በውስጡ ባለው እጥፋትና እንደ ከፋይ ጠጕር በቆመው ጥቃቅን ነገር ምክንያት የውስጡ ስፋት ከቧንቧነቱ እጅግ ይበልጣል። መድኃኒት በብዛት ወደ ደም የሚገባው እዚህ ነው። በሰማንያዎቹ ዓመታት ጥቂት የራዲዮ ጨረር ያለበት ክኒን እያስዋጡ በካሜራ የተከታተሉ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ የጨጓራው ጊዜ እንደ ምግቡ ሲለዋወጥ የቀጭኑ አንጀት ጊዜ ግን ብዙም አይለዋወጥም፤ ፈሳሽም ሆነ ደቃቅ ፍሬ ወይም ሙሉ ክኒን፣ በልቶም ሆነ ሳይበላ፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ወይ በእነዚያ ሰዓታት ይሟሟል ወይ ዕድሉ ያመልጠዋል። ብዙው መንገድ የሚዘጋውም እዚሁ ነው። ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር ሲገናኝ በወተቱ ካልሲየም ተይዞ ይቀራል፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒን ደግሞ በሻይ ይታሰራል። በካርቱም ከጥላ ሥር ተቀምጣ ሻይ ስትሸጥ የምትውል ሴት የብረት ክኒኗን በዚያው ሻይ ብትውጥ፣ መድኃኒቱን ባልገዛችው ይሻላት ነበር። አንጀቱ የተቀበለው ሁሉ በቀጥታ ወደ ሰውነት አይበተንም፤ በአንድ የደም ሥር ተሰብስቦ አስቀድሞ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ጉምሩክ ነው፤ ከአንዳንዱ ጭነት እኩሌታውን፣ ከአንዳንዱም አብዛኛውን ያስቀራል። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ይህን ጉምሩክ ለማለፍ ነው።

ቀስ እያለ እንዲሠራ የሚዘጋጀው ክኒን ብቻውን የሚነገርለት ነው። በ1952 አንድ የአሜሪካ ድርጅት በአንድ እንክብል ውስጥ እንደ ዘንጋዳ ፍሬ የደቀቁ፣ ልባሳቸው አንዱ ስስ ሌላው ወፍራም የሆነ ብዙ ፍሬዎች አድርጎ ለገበያ አቀረበ፤ ስሱ ቶሎ፣ ወፍራሙ ቆይቶ ይሟሟል። ከዚያ ወዲህ ለደም ብዛት፣ ለስኳር በሽታና ለብርቱ ሕመም በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ የሚዋጡ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በዝተዋል። የቀኑ ሙሉ ቀለብ በአንድ ክኒን ተቋጥሮአል ማለት ነው። ይህን የሚሰብር ወይም የሚያኝክ ሰው የሃያ አራት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ደሙ ይለቃል፤ የደም ብዛት መድኃኒት ከሆነ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሞርፊን ከሆነ ደግሞ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በዚያው በአል-ሳሃፋ እንደሚታሰበው ያለ ቋንቋ የገዛ ሰው፣ ገንዘብ ለመቈጠብ ክኒኑን ለሁለት ከፍሎ ቢውጥ፣ ቈጠባው ወደ መርዝነት ይለወጥበታል። በመካከሉ የመክፈያ መስመር ያለው ክኒን ብዙ ጊዜ ሊከፈል ይችላል፤ መስመር የሌለውን ግን ሳይጠይቁ መክፈል አይገባም።

በወፍራሙ አንጀት ጉዞው ይዘገያል፤ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይፈጃል። ቀስ እያለ የሚሠራው ክኒን ከመድኃኒቱ የቀረውን የሚያወርደው እዚህ ነው። ተቅማጥ የያዘው ሰው ግን ይህን ጊዜ አያገኝም፤ ክኒኑ ሳይጨርስ ይወጣል። በአንጻሩ፣ አንዳንዱ ክኒን መድኃኒቱን ሁሉ ጨርሶ ሲያበቃ ቅርፊቱ እንዳለ በሰገራ ይወጣል። ይህን ያየ በሽተኛ ክኒኑ ሳይፈርስ ወጣ ብሎ ሁለተኛ ቢውጥ መጠኑን እጥፍ ያደርጋል። የወጣው ባዶ ቀፎ መሆኑን ሻጩ አስቀድሞ ቢነግረው ይህ ስሕተት አይደርስም ነበር።

የጾም ነገር ሳይነሣ አይታለፍም፤ ካርቱም የእስላምም የክርስቲያንም ጾመኛ ያለባት ከተማ ናትና። በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ያለው ጊዜ በካርቱም ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚል ትእዛዝ በዚያ ወር አይገጥምም። ጾመኛው ሦስቱን በማፍጠሪያ ሰዓት አንድ ላይ ቢውጥ ከማዕዱ ክብደት ጋር ተጨምሮ ነገሩ ይበላሻል። የክርስቲያኑም ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ ያው ችግር ይደርስበታል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ፈቃዱን የማይፈልግ ቢሆንም ሐኪሙ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ዓይነት ሊያዝለት ይችል ይሆናል፤ አስቀድሞ ከተነገረው ነው። የእንክብል ቅርፊትም በሁለቱም ዘንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጄላቲን ከከብት ወይም ከዐሣማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነውና። ከዕፀዋት የሚሠራ ቅርፊት ስላለ፣ አስመጪው ነጋዴ ሲያዝዝ ለይቶ ቢጠይቅ ደንበኛውን ከኅሊና ጭንቀት ያሳርፋል።

ነጋዴውን የሚመለከተው ይህ ብቻ አይደለም። የክኒን ጉዞ ገና ከመደርደሪያው ላይ ሊሰናከል ይችላል። በብዙ ሣጥን ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ ይጻፋል፤ በካርቱም በሜይ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በፖርት ሱዳንና በምፅዋ ዓይነት እርጥበት በበዛበት ወደብ የጄላቲን እንክብል ይለሰልሳል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል፤ በካርቱም ደረቅ አየር ደግሞ ይደርቅና እንደ ዕንቍላል ቅርፊት ይሰባበራል። የከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት የሰነበተ ጄላቲን መልኩ ሳይለወጥ በሆድ ውስጥ የመሟሟት ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። በደጅ በፀሐይ የተዘረጋ መድኃኒት የሚሸጥበት ገበያ ካለ የከተማው ሹም ሊመለከተው የሚገባ ነው።

ሹማምንት ሊያደርጉት የሚችሉት ሌላም ቀላል ነገር አለ። ባዕድ ሠራተኛ በሚበዛበት ከተማ፣ በካርቱምም ይሁን በገዳሪፍ ወይም በመተማ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት አጠገብ በአማርኛና በትግርኛ የተጻፉ ትናንሽ ወረቀቶች ቢቀመጡና ባለመድኃኒቱ የሚስማማውን መርጦ በሣጥኑ ላይ ቢለጥፍ ወጪው ኢምንት ነው። «ከምግብ ጋር»፣ «በባዶ ሆድ»፣ «ሳይሰበር»፣ «በብዙ ውሃ፣ ቁመው» የሚሉት አራቱ ቃላት አብዛኛውን ይሸፍናሉ። ሰዓቱም በቍጥር ሳይሆን «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ተብሎ ቢጻፍ 7 ማለዳ ነው ወይስ ቀትር የሚለው ክርክር ይቀራል።

ከጦርነቱ ወዲህ ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳንና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የወጣው ሰው ብዙ ነው። በጕዞ ላይ ሣጥኑ ይጣላል፤ ክኒኑ በመሐረብ ጫፍ ይቋጠራል። ብዙውን ጊዜ የመድኃኒቱ ስምና የሚያበቃበት ቀን የሚታተመው በክኒኑ ማሸጊያ ዳር ላይ ነው፤ ሻጩ ከመካከሉ አራት ወይም ስድስት ቈርጦ ሲሰጥ ስሙ በመደብሩ ይቀራል። ስለዚህ ገዢው ማሸጊያውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን፣ የሚያበቃበትንም ቀን በቍራጭ ወረቀት ላይ በገዛ ቋንቋው ጽፎ ከክኒኑ ጋር ቢቋጥረው፣ በደረሰበት አገር የሚያየው ሐኪም በእጁ ያለው ምን እንደ ሆነ ያውቃል።